የኋላ ቸርኬ ለፊት እግር ይሆናል ወይ?

ጥያቄው ከባሕር ዳር ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላል፦ "ከአባቴ የተረከብኩት ሲኖ ትራክ ገልባጭ አለኝ። ከጉማራ አሸዋ አመላልስበታለሁ። ጎማው 12.00 አር 20 ነው። የፊት ቀኝ ቸርኬ በሁለት የቡሎን ቀዳዳዎች መሃል ተሰነጠቀብኝ። ጎሚስታው 'የኋላውን የውጭ ቸርኬ አዙረን ፊት እንሰረው፤ የተሰነጠቀውን አስበይደን ኋላ ውስጥ እንክተተው፤ ማንም አያየውም' አለኝ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ከተሳቢ የወረደ ሰፊ ቸርኬ አለው። ባለ 10 ቡሎን ስለሆነ ልክ ይገባል ይላል። የእኔ ዳዶ ሮንዴላው የተያያዘበት ጠፍጣፋ ነው። የቱን ባደርግ ይሻላል?"

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። የኋላውን ወደ ፊት ማምጣት ይቻላል፤ ግን ኋላ ጥንድ ሆነው ከሚታሰሩት የውጩን ሳይሆን የውስጡን አምጣ። የተሰነጠቀው ፊትም ኋላም አይታሰርም፤ አይበየድምም። የተሳቢውን ቸርኬ ለጓደኛህ መልስለት። ምክንያቱን በዝርዝር የምጽፍልህ ጎሚስታው ፊት ቆመህ "አይሆንም" ማለት ስላለብህ ነው።

ከስንጥቁ እንጀምር። ቸርኬ የተሰነጠቀበት ቦታ ብዙ ነገር ይናገራል። ስንጥቁ ከትልልቆቹ የእጅ ማስገቢያ ቀዳዳዎች ከተነሳ አብዛኛውን ጊዜ ጭነት በዝቶበታል ማለት ነው። ጎማውን ቸርኬው ላይ የሚይዘው የብረት ቀለበት በሚቀመጥበት ቦይ ዙሪያ ከሆነ ዝገትንና እርጅናን ጠርጥር። ከአንዱ የቡሎን ቀዳዳ ወደ ሌላው የሚሄደው ግን ሌላ ነው። ቸርኬው ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት የአክስሉ ጫፍ) ጋር ልጥፍ ብሎ አልኖረም። ወይ ዳዶው ላልቷል፣ ወይ ዳዶው ጠብቆ መቀመጫው ቆሻሻ ወይም ጎርባጣ ነበር። ጎማው በዞረ ቁጥር ሳህኑ ትንሽ ትንሽ ይታጠፋል። ብረት ደግሞ በመታጠፍ ብዛት ይደክማል። (ሳህን የምለው መሃል ላይ ያለውን፣ ቡሎኖቹ የሚያልፉበትን ወፍራም ብረት ነው።)

ስለዚህ ያንተ ችግር ቸርኬው ብቻ አይደለም። ፋብሪካ የወጣ አዲስ ቸርኬ ብታመጣም እዚያው ሞዞ ላይ እንደነበረው ካሰርከው እሱም ይሰነጠቃል። ቸርኬው ሲወርድ የሞዞውን ፊት በሽቦ ብሩሽ አጽዳና እይ። ቀጥ ያለ ብረት አጋድመህ ብርሃን በመሃል ሾልኮ የሚያልፍበት ቦታ ካለ ፊቱ ተበልቷል። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ በጣትህ ዳስስ። ጥርሱ የተበላ፣ የተሳበ ወይም መሃሉ የቀጠነ ካለ ይቀየር። አንድ ቡሎን ተሰብሮ ካገኘህ ግራና ቀኙ ያሉትንም ቀይር፤ የእሱን ድርሻ ተሸክመው የቆዩት እነሱ ናቸው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከተሰበረ አስሩም ይቀየሩ።

አሁን ወደ ብየዳው። ባሕር ዳር ጎበዝ በያጆች አሉ፤ በእነሱ ሙያ ላይ ቅሬታ የለኝም። ነገሩ ግን የሙያ አይደለም። ሳህኑ ሲበየድ በዙሪያው ያለው ብረት ባሕርይው ይለወጣል። ጠፍጣፋነቱም ይዛባል። አዲሱ ስንጥቅ ከብየዳው አጠገብ ይነሳል፤ ከፊተኛው ፈጥኖ ይሄዳል።

ይባስ ብሎ የመረጠልህ ቦታ የኋላ ውስጥ ነው። ይህ መኪናው ላይ ካሉት ቦታዎች ሁሉ ለታመመ ቸርኬ የማይመቸው ነው። ከፍሬን ታምቡሩ ጋር ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ሙቀቱን ይቀበላል። ጠዋት መኪናህን ዞረህ ስታይ አይታይህም። ማንም አያየውም የተባለውን አስበው፤ ማንም ከማያዩት አንዱ አንተ ነህ። እሱ ሲለቅ ዳዶዎቹ ይላላሉ፣ ጭነቱ ሁሉ ውጩ ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው ይወጣሉ። ጎማና ቸርኬ አንድ ላይ ከ100 ኪሎ በላይ ነው። ብስክሌትና ባጃጅ በሚርመሰመስበት የከተማ መንገድ ላይ ይህ ሲንከባለል ማየት አትፈልግም።

የኋላውን ወደ ፊት ስለማምጣት። ባለ 12.00 አር 20 ሲኖ ትራክ ላይ ብዙ ጊዜ ፊትም ኋላም የሚታሰረው ያው 8.5-20 (ወርዱ 8.5፣ ቁመቱ 20 ኢንች የሆነ) ቸርኬ ነው። ልዩነቱ በየት በኩል እንደዞረ ነው። ፊት ሲታሰር የሳህኑ ሆድ ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል። ኋላ ውስጥ ያለውም እንደዚያው ነው የዞረው። የኋላ ውጭ ያለው ግን ተገልብጦ ነው የታሰረው፤ ከጎን ስታየው መሃሉ የጎደጎደው ለዚህ ነው። ሁለቱ ሳህኖች ጀርባና ጀርባ ተደጋግፈው በአንድ ቡሎን ይታሰራሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የውጩን ቸርኬ ገልብጠህ ፊት ስታስረው ሁለቱ የሳህኑ ገጾች ቦታ ይለዋወጣሉ። ለዓመታት ዳዶ ሲነክሰው የኖረው ገጽ አሁን ሞዞው ላይ ይተኛል። በየቀዳዳው ዙሪያ የሮንዴላ ክብ አሻራ አለ፤ አንዳንዱ ጠርዝ አውጥቷል፤ አንዳንዱ ሰርጉዷል። እንዲህ ያለ ገጽ ሞዞ ላይ ልክ አይቀመጥም። ያንተን ቸርኬ የሰነጠቀውም የዚህ ዓይነት አቀማመጥ ሳይሆን አይቀርም። የውስጡ ግን አይገለበጥም። ሞዞ ላይ የነበረው ገጹ ፊትም ሞዞ ላይ ይሆናል፤ ዳዶ የሚቀበለው ገጹ ከውጩ ሳህን ጋር ተጣብቆ የኖረ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ጎሚስታው የውጩን የመረጠው ለማውረድ ስለሚቀል ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም በፀሐይ ብሠራ ይኸው ሐሳብ ይመጣብኝ ነበር።

የግድ የውጩን መጠቀም ካለብህ ጠርዙን በፋይል አስተካክል፣ ቀጥ ባለ ብረት ፈትሽ፣ የሰረጎደ ካለበት ተወው። ቫልቮላው (ንፋስ መሙያው) በየት በኩል እንደሚወጣም አስቀድመህ እይ፤ ታምቡሩን መንካት የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊት አንድ ጎማ ብቻውን ይሸከማል፤ ኋላ ሁለት ይካፈላሉ። የጎማህን ጎን አንብብ፤ 154/149 የሚል ቁጥር ካለበት የመጀመሪያው ለነጠላ፣ ሁለተኛው ለጥንድ ነው። 154 ማለት 3,750 ኪሎ፣ 149 ማለት 3,250 ኪሎ ነው። ጎማው ፊት ሲመጣ ከኋላው የበለጠ ክብደት ይጠየቃል፤ ቸርኬውም እንደዚያው። በዚያ ላይ መሪ የሚይዘው እሱ ነው። ስለዚህ ከኋላ ሲመረጥ የተረፈው ሳይሆን ጤነኛው ይመረጣል። ኋላ ውስጥ የቆየ ቸርኬ ሙቀት በልቶት ሊሆን ስለሚችል አስቀድመህ አጽድተህ ቀዳዳዎቹን፣ የሳህኑን የብየዳ መስመርና የቀለበቱን ቦይ በደንብ ተመልከት።

የተሳቢው ቸርኬ ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው፤ ምክንያቱም "ቡሎኑ ይገባል" የሚለው ክርክር ባሕር ዳር ብቻ ሳይሆን በየመንገዱ ይሰማል። ቡሎኑ ገባ ማለት ቸርኬው ገጠመ ማለት አይደለም። ቮልቮ፣ ስካኒያ፣ አክትሮስ፣ ኢቬኮ፣ ሲኖ ትራክ፣ አብዛኞቹ ከባድ ተሳቢዎች፣ ሁሉም ላይ በብዛት የምታገኘው 10 ቡሎን ነው። ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 335 ሚሊ ሜትር ነው። የመሃል ቀዳዳው 281 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱ ለሌላው ቢገባ ምን ይገርማል?

የሚለየው ሳህኑ የተበየደበት ቦታ ነው። ሳህኑ ከቸርኬው ወርድ መሃል ገፋ ብሎ ነው የሚቀመጠው። የገፋበትን ርቀት ኦፍሴት ይሉታል። ጥንድ ሆነው የሚታሰሩ ቸርኬዎች ላይ ይህ ርቀት ትልቅ ነው፤ ለምሳሌ ለ315/80 አር 22.5 ጎማ የሚሆነው 9.00 ቸርኬ ላይ 175 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ሲታሰሩ ከጎማ መሃል እስከ ጎማ መሃል 350 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጎማዎቹ የማይተሻሹት በዚህ ነው። ከዚህ ያነሰ ኦፍሴት ያለውን ቸርኬ ኋላ ካሰርክ፣ ባዶውን ሲቆም ክፍተት ያለ ይመስልሃል። አሸዋ ሲጫን ጎማዎቹ ከታች ሆዳቸውን ይነፉና ይሳሳማሉ። ከዚያ ሙቀት፣ ከዚያ ፍንዳታ። በመሃላቸው ድንጋይ ሲቀረቀር ምን እንደሚሆን ለገልባጭ ሹፌር አልነግርም።

ጓደኛህ ሰፊ ያለው ቸርኬ በግምቴ 11.75 በ22.5 ነው፤ 385/65 አር 22.5 የሚታሰርበት። ኦፍሴቱ ብዙ ጊዜ 120 ወይም ዜሮ ነው። መጀመሪያ ነገር ያንተ 20 ጎማ እሱ ላይ አይገባም። ያንተ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) እና ቀለበት ያለው ነው፤ ያኛው ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ አንድ ወጥ ቸርኬ ነው። "ጎማም አብሬ እገዛለሁ" ብትል እንኳ ፊት ግራና ቀኝህ የተለያየ ቁመትና ወርድ ይኖራቸዋል፤ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ አንዱ ጎን ይስብሃል። ሁለቱንም ብትቀይርስ? ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ለምሳሌ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ወጣ እንበል። አንድ የፊት ጎማ ላይ 3,500 ኪሎ ካረፈ፣ በአንድ ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ 175 ኪሎ የተንጠለጠለ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ኩሽኔታውንና የመሪውን ፒን ያጣምማል። ዜሮ ኦፍሴት ከሆነማ ተወው። አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ፊት 385 ያስራሉ፤ እውነት ነው። እነሱ ግን ሞዞውም አክስሉም ለዚያ ታስቦ የተሠራ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ኋላ ላይም 20 እና 22.5 አትቀላቅል። 12.00 አር 20 ቁመቱ 1,125 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ 315/80 አር 22.5 ደግሞ 1,076። አንዱ አክስል በዚህ፣ ሌላው በዚያ ቢሄድ በየኪሎ ሜትሩ ወደ 13 ዙር ይለያያሉ። ልዩነቱን የሚከፍለው በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ዲፈረንሻል ነው። ጥገናው ከቸርኬ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ቸርኬው ላይ የታተመው ጽሑፍ ካልተነበበ እንዲህ አድርግ። አሮጌውንና አዲሱን ቸርኬ ያለ ጎማ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ ጎን ለጎን፣ የሳህኑን ሆድ ወደ ላይ አድርገህ አስተኛ። ከመሬት እስከ ሳህኑ አናት ለካ። የቸርኬውን ወርድ ለካ። የሳህኑን ውፍረት በካሊፐር ያዝ። የመሃሉን ቀዳዳ ለካ። አንዳቸው እንኳ ካልገጠሙ አትሰር። ውፍረቱ ለምን ካልክ፣ የአሉሚኒየም ቸርኬ ሳህን ከብረቱ እጥፍ ግድም ይወፍራል። ለብረት የተሠራው ቡሎን ያጥርና ዳዶው የሚይዘው ጥርስ ያንሳል።

ቀዳዳዎቹንም እይ። ይህ ዋናው ወጥመድ ነው። ያንተ ዳዶ ጠፍጣፋ ከሆነ ቸርኬውን መሃል ላይ የሚያስቀምጠው ሞዞው ነው፤ የዳዶው ሥራ መጫን ብቻ ነው። አሮጌ መኪኖች ላይ ግን ዳዶው ሾጣጣ ወይም ክብ ሆድ ያለው ነው፤ የቸርኬው ቀዳዳም አፉ ተከፍቶ ዳዶውን ይቀበላል። እዚያ ቸርኬውን መሃል የሚያስቀምጠው ዳዶው ነው። ችግሩ ከእነዚህም ውስጥ 335 ክብ ያላቸው አሉ። አፉ የተከፈተ ቀዳዳ ላይ ጠፍጣፋ ዳዶ ካሰርክ ሮንዴላው የሚያርፍበት ብረት ጠርዝ ጠርዙ ብቻ ነው። ለጊዜው ይጠብቃል። ከዚያ ይላላል። በተገላቢጦሽም እንደዚያው።

አይሱዙም የምትነዳ ከሆነ አንድ ማስታወሻ፤ ብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች በግራ ጎን ያሉት ቡሎኖች የግራ ጥርስ ናቸው፤ ዳዶው የሚፈታው ከተለመደው በተቃራኒ ዞሮ ነው። ረዳቱ "አልፈታ አለኝ" ብሎ ቱቦ ሲያስረዝም መጀመሪያ ወደየት እየዞረ እንደሆነ እየው።

ስለ ቀለም ትንሽ ልቆጣ። በዓል ሲመጣ ቸርኬ ቀለም ይቀባል። ያምራል፤ አልከለክልም። ግን ሳህኑ ሞዞ ላይ የሚያርፍበትና ዳዶው የሚጫንበት ቦታ ላይ ቀለም ተደራርቦ አይቀባ። ወፍራም ቀለም ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ይጨመቃል፣ ከዚያ የጠበቀው ዳዶ ልል ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ስትወርድ፣ ወይም ከደጀን በዚያኛው ወገን፣ ታምቡሩ ምን ያህል እንደሚግል ታውቃለህ። ቀለሙ የሚሸሸው ያኔ ነው። ያንን ቦታ እስከ ብረቱ አጽዳው። ዝገት እንዳይዘው ካሰብክ ስስ አንድ እጅ ይበቃዋል። ግራሶ ደግሞ በሁለቱ ገጾች መሃል አይገባም። ለጠፍጣፋ ዳዶ ጥርሱ ላይና በዳዶውና በሮንዴላው መሃል ጠብታ ዘይት ጥሩ ነው። ሾጣጣው ግን ደረቅ ይታሰር።

ስታጠብቅ በዙሪያው አትሂድ፤ ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ እየዘለልክ እሰር። መጀመሪያ ጎማው በክሪክ አየር ላይ እያለ ቀለል አድርገህ፣ ከዚያ መሬት አውርደህ ሙሉውን። ለ22 ሚሊ ቡሎን 600 ኒውተን ሜትር አካባቢ የተለመደ ነው፤ የመኪናህ መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ያዝ። በአንድ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 60 ኪሎ ግድም የሆነ ሰው ሲንጠለጠል ማለት ነው። ሜትር ተኩል ቱቦ ላይ ሁለት ጎረምሳ ሲዘል ከዚያ ሦስት እጥፍ ያልፋል። ቡሎኑ ይለጠጣል፤ ያን ቀን አይሰበርም፤ በኋላ ጭነት ላይ ይሰበራል። የንፋስ ሽጉጡም እንዲሁ ነው፤ ለማቅረብ ተጠቀምበት፣ መጨረሻውን በሚለካ ቁልፍ ጨርስ።

ከዚያ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንደገና ይጠበቅ። ይህን ማንም አያደርገውም፤ ብዙ ጎማ የሚወጣውም በዚህ ነው። ለአንተ ቀላል ነው። የመጀመሪያዋን የጉማራ ምልልስ ስትጨርስ ሞዞው ቀዝቀዝ ሲል ያዘው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ ዳንግላ ላይ፣ ወደ ጎንደር ከሆነ ወረታ ላይ ይቁም። በየዳዶው ላይ እስከ ሳህኑ የሚደርስ የቀለም መስመር አስምር፤ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል። ከቀዳዳው የሚወርድ ቀይ የዝገት እንባ ካየህም ላልቷል ማለት ነው።

አሁን የምለውን ለረዳትህም አንብብለት። የኋላውን ጥንድ ከማውረድህ በፊት የሁለቱንም ጎማ ንፋስ ሙሉ በሙሉ አውጣ፤ የቫልቮላውን የውስጥ መርፌ ፈትተህ። ዳዶ ከዚያ በኋላ ይነካ። በቀለበት የሚታሰር ቸርኬ ውስጥ፣ በደንብ በተነፋ ጎማ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ከ8 ኪሎ በላይ ግፊት አለ። ቸርኬው ተሰንጥቆ ከሆነ ዳዶው ሲላላ ቀለበቱ ሊፈነጠር ይችላል። ሰው የሚገድለው እሱ ነው። ሲነፋም በብረት ሳጥን ውስጥ፣ በረጅም ቱቦ፣ ከጎን ቆሞ ይነፋ። ፊት ለፊት ተቀምጦ ቀለበቱን በመዶሻ እየመቱ መንፋት የለም። የአንዱን ቸርኬ ቀለበት ለሌላው ማሰርም የለም፤ የገባ የሚመስለው ቀለበት ግማሹ ብቻ ቦዩን የያዘ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ ስኮርታህስ (መጠባበቂያ ጎማህስ)? ስለሱ አልነገርከኝም። ቸርኬው ያው 8.5-20 ከሆነና ጎማው ደህና ከሆነ፣ ከላይ ባልኩህ መንገድ ፈትሸህ እሱን ፊት እሰረው፤ የኋላውን መነካካት አያስፈልግህም። ጎማው ካረጀ ስኮርታው ኋላ ይግባ፣ የኋላው ውስጥ ወደ ፊት ይምጣ። ጎማው ኋላም ሲገባ ከጎረቤቱ ጋር በቁመት ይቀራረብ።

ከዚያ አንድ አዲስ ቸርኬ ግዛ። ስትሄድ የተሰነጠቀውን ይዘህ ሂድና ሱቁ በር ላይ ጎን ለጎን አስተኝተህ ለካ። ሻጩ "ሁሉም አንድ ነው፣ ለምን ትደክማለህ?" ካለህ ሌላ ሱቅ ግባ። አሮጌውን ሥራው ሲያልቅ በኦክስጅን ለሁለት አስቆርጠህ ለቁራሌው ስጠው፤ ሳይቆረጥ ከሸጥከው ቀለም ተቀብቶ ተመልሶ ገበያ ይወጣል።